የሳቂታው ሴሎች

«ወደ ሥራ? ዛሬ? ኧረ ጉድ!» አለች አክስትየዋ የሻይ ትሪውን እንደያዘች። «የወንድምሽ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ! ሰው ምን ይላል?»

ለቅሶ ደራሾቹ ተንሾካሾኩ። ልጅቷ ጫማዋን ማሰር አላቆመችም። ዛሬ ካልሄደች ሴሎቹ ያልቃሉ።

እናት ከሶፋው ጥግ ቀና አሉ። ድምፃቸው በለቅሶ ሰልሏል። «ምንድን ነው እሱ የማይተውሽ?»

«የሱ ሴሎች ናቸው፣ እማዬ። ከእግሩ እባጭ ወስደን ላቦራቶሪ ውስጥ እያሳደግናቸው ነበር። ምግባቸው ካልተቀየረ ይሞታሉ።»

«ከልጄ በሕይወት ያለ ነገር አለ?»

«የገደሉት እነሱ ናቸው እኮ።» እንባዋ ቀደማት።

ሳቂታው ወንድሟ ልብስ ሰፊ ነበር። የስፌት መኪናውን በሚረግጥበት ውስጥ እግሩ ላይ ጥቁር ነጥብ ሲወጣ፣ «ጥቁር ሰው ላይ ጥቁር ነጥብ ምን ብርቅ ነው?» ብሎ ሳቀ። ሲያነክስም ሳቀ። እሷ የቆዳ ካንሰር ተመራማሪ ሆና፣ የባዳ ሴል ስትመረምር እየዋለች፣ የወንድሟን እግር ያየችው ዘግይታ ነው።

«እሺ ዶክተሯ» አላት ሆስፒታል ተኝቶ፤ «ከእግሬ ተነስቶ ሳንባዬ እንዴት ገባ?»

«የሴሉ ገጽ ላይ ተቀባይ የሚባል ነገር አለ። ከውጭ መልእክት ሲደርሰው ሴሉን ‹ተነስ፣ ሂድ› ይለዋል። ያንተዎቹ ላይ በዝቷል።»

«እንደ በር ደወል?»

«እንደሱ በለው።»

«ታዲያ ደወሉን ንቀይዋ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

ነቀለችው። ተቀባዩን የሚዘጋ ውህድ ስትጨምርባቸው፣ የላቦራቶሪው ሳህን ላይ ያሉት ሴሎች ባሉበት ቀሩ። ግን ሳህን ላይ የሠራ ነገር ለሰው መድኃኒት እስኪሆን ዓመታት ይፈጃል፤ ሳንባው ያን ያህል አልጠበቀውም። ለሱ እንደማይደርስ ስትነግረው እንኳ በደከሙ እጆቹ አጨበጨበላት። አንጀቷን የሚበላት ይሄ ነው።

እናት ተነሱ። «አብሬሽ እሄዳለሁ።»

ላቦራቶሪ ሲደርሱ ሳህኑን ማይክሮስኮፕ ላይ አድርጋ አሳየቻቸው።

«እነዚህ ናቸው?»

«እነዚህ ናቸው።»

«ድፊያቸው!» አሉ እናት። «ልጄን በልተው እነሱ ሊኖሩ?»

ልጅቷ ሳህኑን ይዛ ቆመች። «እደፋቸዋለሁ፣ እማዬ። ግን ሌላው ሰው ላይ እንዳይዛመት የምንማረው ከነሱ ነው።»

«የሰው ልጅ ይተርፍባቸዋል?»

«ምናልባት።»

እናት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ጥቂት አለቀሱ። «እንግዲያው ምግባቸውን ስጫቸው።»

አሮጌውን የምግብ ፈሳሽ መጥጣ አዲሱን ጨመረች፤ ሳህኑን ሴሎቹን በሙቀት ወደሚያቆየው ሳጥን፣ ወደ ኢንኩቤተሩ መለሰች። የሳጥኑ በር ገርበብ ብሎ ነበር። እናት ጠጋ ሲሉ ሙቀቱ ፊታቸውን ነካቸው፤ የሰው ገላ ሙቀት ነበር። በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት፤ መዳፋቸውን ግን ከላዩ አላነሱም።