ብሎን ያልሞከረው አይገባም

«እሱ ምን አጠፋ? እኔ ነኝ ግባ ያልኩት» አለች እናት፣ አሁን የገባችውን የጎረቤቷን እጅ እንደያዘች። «ዝናቡ ሊመታህ ነው፣ ይዘኸው ግባ ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ።»

«ተይ እንጂ፣ እንዲህ አይባልም» አለች ጎረቤቷ።

ከጠዋት ጀምሮ ለቅሶ ሊደርስ የገባ ሁሉ ይህንኑ ይላታል፤ እናት ደግሞ ለሚቀጥለው ሰው ከመጀመሪያው ትጀምራለች። የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ የሆነችው ትልቋ ልጇ የሻይ ብርጭቆ እየሰበሰበች ትሰማለች። መስኮቱ ሁሉ ተከፍቷል። የተቃጠለው ፕላስቲክ ሽታ ግን ከሟች ወንድሟ ክፍል አልወጣ ብሏል።

ጓደኞቹ ከግድግዳው ሥር ተደርድረው ተቀምጠዋል። ትንንሽ ሮቦት ሠርተው፣ በወፍራም ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አንዱ ሌላውን እስኪሰባብር ድረስ የሚያፋልሙ ጎረምሶች ናቸው። ወንድሟን ብሎን ይሉት ነበር፤ ኪሱ ከብሎን ተለይቶ አያውቅማ። እናት ልብስ ባጠበች ቁጥር አንድ እፍኝ ትለቅምና «ዕድሜ ልኬን ስለፋ ብረታ ብረት ወልጄ ቁጭ አልኩ!» ትላለች። እሱም ከት ብሎ ይስቃል።

የሠሪዎቹን የጋራ ዝርዝር ኢንተርኔት ላይ የሚጠብቀው ብሎን ነበር። ጥሩ ሞተር የት ይገኛል፣ የትኛው ጎማ አይንሸራተትም፣ ብረት አስተካክሎ የሚቆርጥ ማን ነው፤ ሁሉም ያወቀውን ይልካል። የተላከው ግን ብሎን በገዛ እጁ እስኪሞክረው «በሙከራ ላይ» ተብሎ ይቆያል። አንድ ጊዜ ማጣበቂያ ሲሞክር መዳፉ ከጠረጴዛው ጋር ተጣብቆ ቀረ። እናቱ በማንኪያ እያበላችው «በል እንግዲህ፣ ይሠራል ብለህ ጻፍላቸው» ብላ ቤቱን በሳቅ ገደለችው።

እህት ወጥ ቤት ገብታ ብርጭቆዎቹን ስታስቀምጥ አንዱ ጓደኛው ተከትሏት ገባ። ጎማ ይሉታል። ከልጅነቱ ጀምሮ ከዚህ ቤት አይጠፋም፤ እናትም ከልጇ ለይታ አታየውም።

«እህቴ፣ የባትሪውን ነገር የላክሁት እኔ ነኝ» አላት። «ከአሮጌ ላፕቶፕ የሚወጣውን ባትሪ በሁለት ፍልሚያ መሀል ቶሎ ቻርጅ ማድረጊያ ዘዴ። ያንን ሲሞክር ነው...»

ቢመታት ይሻላት ነበር፤ ወይም ብትመታው።

«አሁንም በሙከራ ላይ ይላል። ሌላ ከተማ ያሉት መሞቱን አልሰሙም። አንዱ ባትሪውን ገዝቻለሁ፣ ዛሬ ከሥራ ስወጣ እሞክረዋለሁ ብሏል።»

«ታዲያ አትሞክሩ አትላቸውም?»

«ብያለሁ። ዘዴውን ለብቻህ ልትይዘው ነው አይደል ብለው ሳቁብኝ። ብሎን ይንገረን ይላሉ። መሞቱን እንዳልጽፍ... እጄ እምቢ አለኝ። ውጤቱን ሞካሪው ብቻ ነው የሚጽፈው። በእናታችሁ ስልክ ፍልሚያ ይቀርጽና ይልክ ስለነበር፣ የሱ ገጽ እዚያ ላይ ክፍት ሳይሆን አይቀርም።»

እናት ስልኳን ስትጠየቅ አቀበለች። ገጹ እውነትም ክፍት ነው። የላከው፦ ጎማ። የሞከረው፦ ብሎን። እህት «አይሠራም» የሚለውን መረጠች። ገጹ አልተቀበላትም። ወንድሟ ሲሠራው ምክንያት ያልተጻፈበት ውጤት እንዳይገባ አድርጎ ነው የሠራው።

ምክንያት።

ሌላ ጊዜ ሁሉ ግቢ ውስጥ፣ አሸዋ የሞላው ባልዲ አጠገብ ነበር የሚሞክረው። የዚያን ቀን ዝናብ መጣ፣ እናቱ ጠራችው፣ ባትሪውን ይዞ ገባ፤ ባትሪውም እዚያው ክፍሉ ውስጥ ፈነዳ። ባትሪው ብላ ብትጽፍ ጥፋተኛው ጎማ ነው። ቤት ውስጥ ስለተሞከረ ብትል እናቷ ናት። ቀኑን ሙሉ ለሰው ኪኒን አወሳሰድ ስታስረዳ የምትውል ሴት የምትጽፈው ጠፋት። ጎማ አጠገቧ ቆሞ ጣቶቿን ያያል። ሳሎን ውስጥ እናት ለሌላ እንግዳ «እኔ ነኝ ግባ ያልኩት» ማለት ጀምራለች።

በመጨረሻ «ብሎን ሲሞክረው ሞተ» ብላ ጻፈችና ላከችው። ያ ባትሪ የገዛው ሰው ከሥራ ይውጣ አይውጣ፣ ይየው አይየው፣ የምታውቅበት መንገድ የላትም።

ወዲያው ከግድግዳው ሥር የተቀመጡት ጎረምሶች ኪስ ሁሉ ባንድ ላይ ነዘረ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ አየና ቀስ አድርጎ ጎኑ ላለው አሳየው። ብሎን አዲስ ውጤት ጽፏል ይላል።

«ማነው እሱ?» አለች እናት ዞር ብላ እያየቻቸው። «ምነው ልጆቼ፣ አታነሱለትም?»

ጎማ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ሳያየው፣ ንዝረቱ እስኪያቆም ድረስ፣ በሁለት መዳፉ ሸፍኖ ያዘው።