ጃን ያለችው ሴት

ጅብሪልና ኤሌኒ ካርቲየ 5 በተባለው የወደብ ከተማ ሰፈር አንድ ግድግዳ ቢጋሩም፣ በጠባይ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቁ ነበር። ጅብሪል ወደብ ላይ የከባድ መኪና ተሳቢ ሲበይድ የኖረ፣ ሰላምታ እንኳ ቆጥቦ የሚሰጥ ሰው ነው። ጡረታ የወጣችው የቋንቋ መምህርት ኤሌኒ ግን ቴህራንን፣ ኢስታንቡልንና ዴልሂን ያየች፣ ከውኃ ሻጩ ጋር በአፋርኛ፣ ከጫት ሻጮቹ ጋር በሶማሊኛ ስትሳሳቅ የምትውል ናት። ታዲያ አንድ የሐምሌ ቀትር ጅብሪል በሯን አንኳኳ።

«ጋሽ ጅብሪል! ግድግዳው ፈረሰ እንዴ?»

«አልፈረሰም፣ እትዬ። ስለ አንድ ቃል ልጠይቅዎ ነው።»

«ደግ ነው! የዓመቱን ንግግርዎን በእኔ ላይ ሊጨርሱት ነዋ!»

ጅብሪል አልሳቀም። ልጁ አብዱልፈታሕ ፋኢዛን ባገባ ማግስት፣ የየመን ጦርነት ሊጀመር ባለበት ሰሞን፣ ባሕሩን በጀልባ ወደዚያው ተሻግሮ ነበር። ከወራት በኋላ ካልታወቀ ቁጥር አንድ ጊዜ ደወለ። ቤተሰቡ ሁሉ ስልኩን ከቦ ሰማው። «ደህና ነኝ፤ ፋኢዛ ትጠብቀኝ» አለ። ከአጠገቡ አንዲት ሴት «አብዱ ጃን» ብላ ስትጠራው ተሰማና መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ።

የጅብሪል ሚስት ሀጀራ ቱርኮች ቤት ታበስላለች፤ እመቤቲቱ ልጇን «ጃን» ስትል ትሰማለች። «ልጄ ቱርክ ገብቷል!» ብላ እልል አለች። የፋኢዛ አባት እሷን ወደ ቤቱ ሊወስዳት ከድሬዳዋ በመጣ ጊዜም በዚያችው ቃል መለሰችው። ፋኢዛ ቀን ቡላኦስ ሰፈር ልብስ እየሰፋች፣ ሲመሽ የባሏን ትራስ እያሰናዳች ሁለት ዓመት አለፈ። ትናንት ግን ጅብሪልን ለብቻው አግኝታ «አባባ፣ እውነት ቱርክ ነው?» አለችው።

«ጃን የቱርክ ቃል ነው?» ሲል ኤሌኒን ጠየቃት።

ፊቷ በራ። «የቱርክም ነው። ቱርኮች ከፋርሶች ወሰዱት፤ ሕንዶችም እንዲሁ። ነጋዴው፣ ወታደሩ፣ ገጣሚው ይዞት ዞረ። ከኢስታንቡል እስከ ዴልሂ ቢሄዱ ያው ጃን ነው፤ ነፍስ፣ ሕይወት፣ የኔ ውድ ማለት ነው።»

«እንግዲያው ቃሉን ያለችው ሴት አገሯ አይታወቅም?»

«አይታወቅም። ነርስም ለማታውቀው ታማሚ ትለዋለች...» አለችና ሳቋ ከፊቷ ረገፈ። ልጁ በደወለ ዕለት ሀጀራ «ልጄ ቱርክ ገብቷል!» ብላ እልል ስትል በግድግዳው በኩል ሰምታ ነበር።

«ይጨርሱት፣ እትዬ።»

«ሊቃውንቱ ሥሩን ከመተንፈስ ጋር ያዛምዱታል» አለች በቀስታ። «የእኛስ ነፍስ ከእስትንፋስ ጋር የተዛመደች አይደለች?»

ጅብሪል ዓይኑን ጨፈነ። ያን ዕለት በእያንዳንዱ ቃል መካከል የልጁ ትንፋሽ እንደሚያጣጥር ሰው ይቆራረጥ ነበር። ሁሉም ሰምቷል፤ ማንም አላነሳውም። ሀጀራ ቃሉን ሙጥኝ ያለችው ትንፋሹን ላለመስማት ነው። ብረት በመዶሻ መትቶ ስንጥቁን በድምፁ የሚለየው ጅብሪልም፣ የልጁን ስንጥቅ ሰምቶ ዝም ብሏል።

«ምነው ባልነገርኩዎ» አለች ኤሌኒ።

«እርስዎ ቃሉን ነው የነገሩኝ። ትንፋሹን እኔው ሰምቼዋለሁ።»

ከዚያ ወደ መስጊድ ሄደ። ሲመለስ ሀጀራና ፋኢዛ ከትንሿ ልጁ ከሁዳ ጋር ማራገቢያው ሥር ተቀምጠው አገኛቸው።

«የት ጠፋህ? ምሳህ ቀዘቀዘ እኮ!» አለች ሀጀራ።

«ሀጀራ» አላት። አብዱልፈታሕ ከተወለደ ጀምሮ «የአብዱ እናት» እንጂ በስሟ ጠርቷት አያውቅም። ሀጀራ ሻሿን ወደ አፏ ሰበሰበች፤ ፋኢዛ ራሷን አቀረቀረች።

«ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ለልጃችን አስከሬኑ በሌለበት የሙታን ስግደት ይሰገድለታል፤ ሼኹን አነጋግሬ መጣሁ። የፋኢዛን ነገር ቃዲው ያየዋል፤ የባሏን ሐዘን፣ ዒዳዋን፣ እዚሁ በቤቷ ትቀመጥ። ከዚያ ወዲያ አባቷ ዘንድ መሄድ ብትሻ እኔው ይዣት እሄዳለሁ፤ ማግባት ብትሻም እንደ ልጄ እኔው እድራታለሁ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት አብዱልፈታሕን የሚጠብቅ ሰው አይኖርም።»