የሰናይት ሽፍታ

ሕፃን ልጅ ምስጢር አይጠብቅም። ሰናይት ገና አራት ወሯ ነው፤ ጉሮሮዋ ግን ከቁስቋም እስከ ዊንጌት ይሰማል ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። እናቷ ብርቅነሽ የሽንት ጨርቋን በፈታች ቁጥር ልጅቱ ጀርባዋን ለጥጣ፣ እግሮቿን አንፈራግጣ ትጮኻለች። መቀመጫዋ እንደ በርበሬ ቀልቷል። ብሽሽቷ ተልጦ ውሃ አዝሏል። ጭኗ ላይ ደግሞ ደቃቅ ሽፍታ ወጥቶ ወደ ታች፣ ወደ ጉልበቷ መውረድ ጀምሯል።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ ቤት የሚያሸብር ነገር አልነበረም። የሕፃን መቀመጫ ያልቆሰለበት ቤት የት አለ? ብርቅነሽን ከቁስሉ ይልቅ ጩኸቱ ነበር የሚያስፈራት። የልጅ ጩኸት ጎረቤት ይጠራል፤ ጎረቤት «ምን ሆነች?» ብሎ ይገባል፤ ገብቶ ሲቀመጥ ደግሞ ቀና ይላል። ከላይ፣ ከአቡጀዲው ኮርኒስ በስተጀርባ፣ በማገሩ ላይ በተጋደመ ሳንቃ ላይ፣ ታናሽ ወንድሟ ስብሐት ተኝቷል።

ዘመኑ ሰባ ዓመተ ምሕረት ነው፤ ጧት ከቤት የወጣ ልጅ ማታ መመለሱን እናቱ በእርግጠኝነት የማትናገርበት ዘመን። ስብሐት ተማሪ ነው። አብረውት ወረቀት የበተኑ ልጆች አንድ በአንድ ሲለቀሙ በጓሮ አጥር ዘሎ እህቱ ቤት ገባ። «አንድ ሁለት ቀን ብቻ፣ እታለም» አላት። አንድ ሁለት ቀኑ ወር ሊሞላው ነው። ባሏ ወልዱ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ አሰብ ከወረደ ሰንብቷል፤ በኮርኒሱ ላይ አማቹ እንደሚያድር አያውቅም። የሚያውቁት እሷና እመቤቴ ማርያም ብቻ ናቸው።

ስብሐት ከመጣ ጀምሮ በሩ ቀን ከሌት ተዘግቷል። ለጎረቤት «ልጅቷን ብርድ እንዳይመታት፣ የሰው ዓይንም እንዳይወጋት ነው» ብላለች፤ የሕፃን ቤት ስለሆነም ሁሉም አምኗታል። ግን በር ሲዘጋ ብዙ ነገር አብሮ ይዘጋል። ቦኖ ድረስ ወርዳ ውሃ ለመቅዳት ቤቱን ጥላ መሄድ አለባት፤ ስለዚህ ባለችው ጥቂት ውሃ የሽንቱን ጨርቅ በሳሙና ታሸውና ሳሙናው በቅጡ ሳይለቅ ትጨምቀዋለች። ውጭ ካሰጣች ደግሞ ወጣ ገባ ማለት ሊኖርባት ነው፤ ስለዚህ በጓዳው ገመድ ላይ ትሰቅለዋለች። ጨርቁ ሳይደርቅ ሌላው ይርሳል። ልጅቷ እርጥብና ሳሙናም የማይለየው ጨርቅ ታጥቃ ትውላለች። ብርቅነሽ ይህን አታጣውም ነበር። ሰናይትን በጨርቅ ያቃጠላት ወንድሟን የሸሸገ እጇ መሆኑን እያወቀች ጨርቁን ደግማ ትጠቀልላለች፤ ከዚያ ከልጇ ጋር ታለቅሳለች።

የአጥር ጎረቤታቸው እትዬ አስቻለች ናቸው። ሰባት ልጅ አሳድገዋል። ጆሯቸው ከከዳቸው ግን ቆይቷል፤ እሳቸው ስለማይሰሙ ሌላውም ሰው የማይሰማ ይመስላቸዋል። ከእሳቸው ጋር ማውራት ማለት ከሰፈሩ ጋር ማውራት ነው። የዚያን ቀን ረፋዱ ላይ ብርቅነሽ የቆሸሸ ውሃ ልትደፋ ብቅ ስትል በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ብርቄ! ሽፍታው እንዴት አደረ?»

«አለ፣ እትዬ!»

«እ?»

«አለ! አልጠፋም!» ብላ ጮኸች።

«ምነው እስካሁን! እዚያው ነው ወይስ ወደ ታች ወረደ?»

«ወርዷል! ማታ ማታ ነው የሚብሰው!»

«ደብቀሽ ይዘሽው ነዋ! ሽፍታ እኮ እንዲህ ሸፋፍነው ሲይዙት ነው የሚጠናው! በሩን ክፈቺና አውጪው፣ ፀሐይ ይምታው!»

«እሺ፣ አወጣዋለሁ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላል የአገሬ ሰው። ከአጥሩ በታች ባለችው የእግር መንገድ ላይ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ባጫና ጓደኛው አድነው ጠመንጃቸውን አንግበው ቆመዋል። ሁለቱም የልጅቷን ሽፍታ አያውቁም። የሚያውቁት አንድ ሽፍታ ብቻ ነው፤ እሱም ጫካ የሚገባውና በመንግሥት ላይ የሚሸፍተው። ብርቅነሽ አላየቻቸውም። ገብታ በሩን ቀረቀረች።

ብዙም ሳትቆይ በሩ በጠመንጃ ሰደፍ ተመታ።

ስትከፍት ባጫን አየችው። እስከ አምና ድረስ ጫማ ሲሰፋ የምታውቀው ሰው ነው፤ የወልዱን ቡትስ ስንት ጊዜ ጠግኗል። ዛሬ ሰላምታም የለው።

«ሽፍታው የት አለ?»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ብርቅነሽ ይህችን ጥያቄ ወር ሙሉ በሕልሟም በእውኗም ስትሰማት ኖራለች፤ ስለዚህ ከየት መጣች ብላ አልጠየቀችም።  

«የቱ… የቱ ሽፍታ?»

«አትቀልጂ! በጆሯችን ሰምተናል። ማታ ማታ ይወርዳል ብለሻል። ደብቀሽ ይዘሽዋል!»

እሷ ግን በዚያች ሰዓት የራሷን ቃል የምታስታውስበት ልብ አልነበራትም። የታያት ወንድሟ እጁ የፊጥኝ ታስሮ በቁልቁለቱ ሲወርድ ነው። ባጫ እግር ላይ ወደቀች።

«በእመቤቴ ማርያም፣ ጓድ ባጫ! ልጅ ነው እኮ! ምንም አያውቅም!»

«ማን ነው ልጁ?» አለ ባጫ። ቀልጠፍ ያለው አድነው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

ስሙን ልትጠራ አፏን ከፍታ ነበር። እትዬ አስቻለች በአጥሩ ክፍተት ሾልከው፣ ነጠላቸውን እየጎተቱ ባይገቡ ኖሮ በራሷ አፍ ወንድሟን ትሰጠው ነበር።

«አያችሁት?» አሉ ጠመንጃውን ከቁብም ሳይቆጥሩ። «ጎሽ፣ እናንተም ንገሯት! እኔን አልሰማ ብላለች። ኑ፣ ሽፍታውን ላሳያችሁ!»

ባጫ ግራ ተጋብቶ ወደ ኋላ አለ። እትዬ አስቻለች አልጋው ላይ የተኛችውን ሰናይትን ከፍ አድርገው ጨርቋን በአንድ ጊዜ ገፈፉት። ልጅቷ ቤቱን በጩኸት አናወጠችው። ያ ሽንት የበላው ቀይ መቀመጫዋ ለሁለት ጠመንጃ ተገለጠ።

«ይኸውላችሁ ሽፍታው! ታች ድረስ ወርዷል፣ አያችሁ?»

ብርቅነሽ ያን ጊዜ ገባት። ከአጥሩ ማዶ የተጮኸው ቃል ሁሉ አንድ በአንድ መጣላት። ልቧ እፎይ ሊል ሲል ቀና አለች፤ የኮርኒሱ አቡጀዲ ወደ ታች ረግቧል። የእግር ጣት ነው። ስብሐት «ሽፍታው የት አለ» የሚለውን ሰምቷል፣ የእህቱን ልመናም ሰምቷል፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን የሰናይት ጩኸት ውጦበታል። እሷን ሊያድን ራሱን ሊሰጥ እየወረደ ነው።

እንዴት ትንገረው? ዝም ብትል ይወርዳል። ወደ ላይ ብትናገር ያልቃሉ። ከዚያ የእትዬ አስቻለች ጆሮ ትዝ አላት፤ ለደንቆሮ መጮኽ ማንም አይጠረጥርም። ባላት ጉሮሮ ሁሉ ጮኸች፦

«እትዬ! ጓዶቹ የልጅቷን ሽፍታ ሰምተው ነው የመጡት! የሰናይትን መቀመጫ! ሌላ ማንንም አይፈልጉም! ሰሙኝ? ማንንም አይፈልጉም!»

«ምነው ልጄ፣ ሰምቻለሁ» አሉ እትዬ አስቻለች፣ ጆሯቸው ከከዳቸው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

አቡጀዲው ቀጥ አለ። ከስፌቱ የወረደ አቧራ ግን በአድነው ባርኔጣ ላይ አረፈ። አድነው ቀና አለ። የጠመንጃውን አፈሙዝ ወደ ኮርኒሱ አነሳና አቡጀዲውን ነካ አደረገው፣ ስብሐት ካለበት አንድ ክንድ ፈቅ ብሎ። 

«አይጥ ነው» አለች ብርቅነሽ። «አይጥ ፈጀን።»

ባጫ ግን ያን ጊዜ መሳቅ ጀምሮ ነበር። ሆዱን ይዞ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ሳቀ። «ተወው አድነው፣ ና! ሽፍታውን ማርከነዋል!» አለ። አድነውም አፈሙዙን አወረደና ሳቀ። እትዬ አስቻለች ምን እንደሚያስቅ ባይገባቸውም አብረው ሳቁ። ብርቅነሽም ሳቀች፤ ጥርሷ እየተንገጫገጨ።

ባጫ ሊወጣ ሲል ተመልሶ ልጅቷን ጎንበስ ብሎ አያት። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። እሱም አባት ነው።

«ምነው እንዲህ እስኪሆን ዝም ትያለሽ?» አላት። «የእኔዋንም አድርጓት ያውቃል። በሩ ከዛሬ ጀምሮ ክፍት ይሁን። ጨርቁን ውጭ አስጪ። ከክሊኒክ ነጭ ቅባት አመጣልሻለሁ፤ እየመጣሁም አያታለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ብርቅነሽ። ከጠመንጃው ይልቅ ደግነቱ አስፈራት። ጠላት አንዴ ፈትሾ ይሄዳል፤ ይህ ግን እየመጣ ሊጠይቃት ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስብሐት ወረደ። ወር ሙሉ ተጋድሞ እግሩ ሰልሏል፤ ግድግዳ ይዞ ቆመ። የሰናይትን ቁስል እስካሁን በጆሮው እንጂ በዓይኑ አላየውም ነበር። ጎንበስ ብሎ ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ እታለም።»

«አፍህን ዝጋ።»

«በሩ መከፈት አለበት። ክፍት ሆኖ ደግሞ እኔ እዚህ ልኖር አልችልም። በቃ።»

አልተከራከረችውም።  ልጇንና ወንድሟን በአንድ በር ማዳን አልቻለችም፤ ይህን ከእሱ በፊት እሷ ታውቀው ነበር፤ እሱ በመናገሩ ግን ጠላችው፣ ወዲያውም አቀፈችው። የወልዱን አሮጌ ካፖርት አለበሰችው። ሱሉልታ የሚያውቀው ሰው አለው፤ ከቁስቋም ማርያም በላይ ያለውን የባሕር ዛፍ ጫካ አቋርጦ ከሰዓት እላፊ በፊት መሻገር ነው። «እመቤቴ ትከተልህ» አለችው። የሰናይትን ግንባር ስሞ በጓሮው ወጣ።

በማግስቱ በሩ ተከፈተ። እትዬ አስቻለች እንዳዘዙት ብርቅነሽ ሳሙናውን ተወችው፤ ልጅቷን ለብ ባለ ውሃ ብቻ ታጥባታለች፤ ሳታሽ በንጹሕ ጨርቅ እየነካካች ታደርቃታለች። ጨርቆቹን ቀቅላ፣ ጥርት እስኪሉ አለቅልቃ አጥሩ ላይ ታሰጣቸዋለች። ረፋዱ ላይ ሰናይትን ደጃፍ አውጥታ፣ ምንም ሳታለብሳት፣ ለስላሳዋ ፀሐይ ላይ ታስተኛታለች፤ ከዚያ ባዝሊን በወፍራሙ ትቀባታለች። መጀመሪያ ልጅቷ ጩኸቷን ቀነሰች። ቀጥሎ እንቅልፍ ወሰዳት። የተላጠው ቆዳ መድረቅ ጀመረ፣ ቅላቱም ደበዘዘ።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ግን ከጫካው በኩል ተኩስ ተሰማ። ትንሽ ጊዜ ተንጣጣና ዝም አለ። ብርቅነሽ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ሰናይትን አጥብቃ ይዛ ነጋባት። ማንን ትጠይቅ? ወንድም እንዳላት እንኳ ሰፈሩ ረስቶታል፤ እንዲረሳም ያደረገችው እሷ ናት። ቦኖ ስትወርድ የሰውን ሁሉ ፊት ታነባለች፤ ፊቱ ሁሉ ጭጭ ብሏል።

ባጫ ከዚያ በኋላ በአንድ ረፋድ መጣ። ጫማው ጭቃ ነው፣ ሱሪው በእሾህ ተቦጫጭሯል፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። በእጁ ትንሽ የቅባት ቆርቆሮ ይዟል።

«እንዲህ ልዘገይ አልነበረም» አላት። «ሰሞኑን አሰሳ ላይ ነበርን። እዚህ ጫካ ውስጥ አንድ ሽፍታ ስናሳድድ ሰነበትን።»

ሰናይት ደጃፉ ላይ፣ ሰሌን ላይ በሆዷ ተኝታለች። ባጫ ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አጠገቧ ተንበረከከ። ብርቅነሽም ተንበረከከች።  

«ሽፍታውስ?» አለችው።

ባጫ ዓይኑን ከልጅቷ አላነሳም። መቀመጫዋን አየ፣ ጭኗን አየ፣ ፈገግ አለ።

«እሱማ አለቀለት» አላት።

የቱ? ወይኔ፣ የቱ? ብላ ልትጮኽ ደረሰች። ያ ቃል ያን ቀን ሁለት ትርጉም ስላለው ነበር ወንድሟ የተረፈው፤ ዛሬ በዚያው ሁለት ትርጉም ታስራለች። የቱን ሽፍታ ነው የምትለኝ ብላ ከጠየቀች ሌላ ሽፍታ እንዳላት መናገሯ ነው። ቀስ ብላ፣ የሕፃን እናት በምትጠይቅበት ድምፅ ጠየቀችው፦

«ተመልሶ አይመጣም?»

«አይመጣም። አትስጊ።»

የቆርቆሮውን ክዳን ከፍቶ ሰጣት። ብርቅነሽ ነጩን ቅባት በጣቷ ዛቀች፤ እንባዋ አገጯ ላይ ወረደ። ጣቷን ወደ ልጅቷ ገላ ሳታወርድ ስትቆይ ባጫ አያት።

«አይዞሽ፣ ቀቢያት» አላት። «አሁን አያማትም።»