ግልገልና እናት

ደሞዜ የሚባለው የገሳይ ከተማ እህል ነጋዴ ፈረስ ላይ ሆኖም ከፈረስ ወርዶም አፉ አያርፍም። በጥምቀት ጉግስ፣ ደብረ ታቦር ሜዳ ላይ ከጋሽ ሞላ ጋር ከገጠመ ወዲህ ወሬው አንድ ብቻ ነው፤ ሞላ ዘንጉን አንስቶ አሳደደው፣ ሳተው፣ አለቀ። «ዓይኑ ደክሟል፤ ከእንግዲህ ጥጃ ይጠብቅ» ይላል፣ አባቱ የሚሆኑትን ሰው አንተ እያለ። ሰሚ ደግሞ አያጣም። ቢራ የሚጋብዝ ሰው መቼም ሰሚ አያጣም።

የጋሽ ሞላ ልጅ ፈንታነሽ ይህን ስትሰማ ደሟ ይፈላል። ከቤይሩት ስትመለስ ያመጣቻትን፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል ካሜራ በጉግሱ ዕለት በአባቷ ግንባር ላይ ያሰረችው እሷ ናት። አባቷ ግን ብትጠይቃቸው «ሳትኩ አልኩሽ እኮ» ከማለት ሌላ ቃል የላቸውም። ገበያ መውጣት ትተዋል። የሚጋልቧትን ፈረስ የሚሸጥላቸው ደላላም አነጋግረዋል። አንጀቷን ያሳረራት ይሄኛው ነው፤ አባቷ ያለዚያች ፈረስ ምን ሆነው እንደሚኖሩ አይታያትም።

ቪዲዮውን በቤቷ ኮምፒውተር ስትከፍተው ሌላ ጣጣ መጣ። ፈረሷ አየር ላይ ተንጠልጥላ ትቀራለች፤ ድምፁ ይንተባተባል፤ ከዚያ ምስሉ ዘሎ ሌላ ቦታ ይገኛል። ያችን የምትፈልጋትን ቅጽበት አንድም ቀን አላሳያትም። ደሞዜም ወሬውን ሰምቶ ጓደኞቹን አስከትሎ መጣና ይህንኑ አየ። «ካሜራውም አፍሮ ዓይኑን ጨፈነ» ብሎ ሳቀ። የተከተሉትም ሳቁ፤ እነሱ ሌላ ምን ሥራ አላቸው።

ኮምፒውተር የሚጠግነው ምናለ አየት አድርጎ፣ ይህ አርጅቷል፣ አዲስ ግዢ አላት። ምናለ በር ሲጢጥ ቢል ቤቱን አፍርሱ የሚል ሰው ነው። ሸኘችውና ራሷ ስታነብና ስትሞክር ከረመች። ለካ ካሜራዋ ቪዲዮውን ጠቅጥቃ ነው የምትይዘው፤ እያንዳንዱን ምስል ሙሉውን አታስቀምጥም፣ ከፊተኛው የተለወጠውን ብቻ እንጂ። አሮጌ ኮምፒውተር ያንን እየፈታ ማሳየት ሲያቅተው ይዘላል። መላው፣ ጥራቱ ዝቅ ያለ፣ ለኮምፒውተሩ የሚቀል ቅጂ አውጥቶ መቁረጥ መቀጠሉን በዚያ መሥራት፣ ሲያልቅ ወደ ዋናው መመለስ ነው። ዋናውን «እናት»፣ ቅጂውን «ግልገል» ብላ ሰየመች። ግልገልም ቀን ለብቻው ውሎ ማታ ከእናቱ ይገናኛል።

ኮምፒውተሩ ቅጂውን ሲያወጣ ዋለ። ወደ ማታ ስትከፍተው ፈረሷ ያለ አንዳች መደናቀፍ ጋለበች።

ከፊት ደሞዜ ይሸሻል። የኮርቻው ጠፍር ላልቶ ኮርቻው ወደ ጎን ተንሸራቷል፤ ጋሻው ክንዱ ላይ ተገልብጧል፤ ጀግናው በሁለት እጁ ጋማ ጨብጦ እንደ መዥገር ተጣብቋል። ዘወር ብሎ ሲጮኽ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል። «ጋሽ ሞላ፣ በማርያም! አንቱ፣ ይማሩኝ!» የአባቷ እጅ ዘንጉን ከፍ አድርጎ ይዞ ነበር። ቀስ ብሎ ዝቅ አለና ሣሩ ላይ ጣለው። ከአቧራው ማዶ የቆመው ሕዝብ ያየው ዘንጉ ሲወድቅ ብቻ ነበር።

አባቷን ጠርታ አሳየቻቸው። እስከ መጨረሻው አዩት።

«ቁረጪው» አሉ።

«አባዬ፣ አገር ለአገር እየዞረ ስምዎን ያጠፋ ሰው እኮ ነው።»

«በማርያም ብሎኝ ምሬዋለሁ። የማርኩትን ሰው መልሼ አልመታም። ቁረጪው።»

ጥርሷን እያፋጨች ቆረጠችው።

የሚካኤል ማኅበር ተራ እነሱ ቤት የደረሰ ዕለት ቪዲዮው በቴሌቪዥን ታየ። ደሞዜ ሳይጠሩት መጥቶ የጋሽ ሞላ ወንበር ላይ ተንሰራፋ፤ የወንበሩ ባለቤት በር አጠገብ ቆመው ቀሩ። ምስሉ ሳይንተባተብ መሄዱን ሲያይ ግን ፊቱ ጠቆረ። ያ ቦታ ደረሰ። ፈረሷ እየጋለበች ነበር፣ ወዲያው ዘንጉ ሣር ላይ ታየ። ደሞዜ በረጅሙ ተነፈሰና ከሁሉ በላይ ጮኾ ሳቀ።

«ዛሬም ይዘላል! ሞላ፣ ፈረሷን ስትሸጥ ኮምፒውተሩንም መርቅበት።»

ፈንታነሽ ጠላ ልትጨምርለት ጎንበስ አለች። ከእሱ በቀር ማንም አልሰማትም።

«ኮምፒውተሩ አይደለም የዘለለው፤ እኔ ነኝ የቆረጥኩት። የቆረጥኩት ግን ከግልገሉ ላይ ነው። እናትየው ሙሉ ናት፤ ‹ይማሩኝ› ያልክበት ድምፅህም አለ።»

ሳቁ አፉ ውስጥ ቀረ። ጠላውን አስቀመጠና ተነሣ፤ የተቀመጠበትን ወንበርም በነጠላው ጫፍ ጠረገ።

«ጋሽ ሞላ» አለ፣ ቤቱ ሁሉ እየሰማ፣ «አንቱ ይቀመጡ እንጂ።»

ደላላው በማግስቱ ሲመጣ ጋሽ ሞላን አጣቸው። ፈረሷን ጭነው ሜዳ ወጥተዋል።