በር የሌለው ሽንት ቤት

እኛን ዝምታ የሚያስተምር ሰው ከሄልሲንኪ ድረስ ተቀጥሮ መጣ። ራውማ ከተማ፣ ተገጣጣሚ የእንጨት ቤት በሚሠራ ፋብሪካ፣ በንድፍ ክፍሉ አራት ሰዎች ነበርን፤ አራታችን ተደምረን በቀን አርባ ቃል ብንናገር ትልቅ ነገር ነው። አለቃችን ቫልቴሪ ስብሰባ ሲመራ «የሚናገር አለ?» ይላል። ማንም አይናገርም። «ጸድቋል» ብሎ ይጽፋል። በዚህ ዓይነት ስንት ቤት አቆምን።

ዋናው መሥሪያ ቤት ግን «ይህ ክፍል ተባብሮ አይሠራም» አለ። እስከ ግንቦት የመተባበር ውጤታችን ከአምስት አራት ካልሞላ ክፍሉ ይዘጋል፣ ሥራው ወደ ታምፔሬ ይዛወራል። እኔ ሄልቪ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ ጓዜን ጠቅልዬ የት ልሂድ? እውነቱን ከተናገርኩ ደግሞ ከራይሞ አጠገብ መነሣት አልፈለግሁም።

ራይሞ ሃያ ሁለት ዓመት ከጎኔ የተቀመጠ ሰው ነው። ከተኳረፍን አራት ዓመታችን። አንድ ጊዜ የአንድ ቤት መወጣጫ ደረጃ ስነድፍ ተሳሳትኩ፤ እሱ አየና ለእኔ ትንፍሽ ሳይል አርሞ ላከው። የሰማሁት ከወርክሾፕ ሰዎች ነው። እሱ እስካመሰግነው ይጠብቃል፣ እኔ እስኪነግረኝ እጠብቃለሁ። እንዲሁ ስንጠባበቅ ጸጉራችን ሸበተ።

ውጤታችንን እንድታሻሽል ዋናው መሥሪያ ቤት የላካት አሠልጣኝ ሚንቱ ትባላለች። ሥልጠናው የጥሞና ሥልጠና ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከስብሰባ በፊት ጫማ አውልቀን፣ ዓይን ጨፍነን፣ ዐሥር ደቂቃ እንቀመጣለን።

«ሐሳብ ሲመጣ ልብ በሉት» ትላለች ለስለስ ባለ ድምፅ። «አትፍረዱበት። መጥቶ ይለፍ።»

ዝም ማለት ላይማ አንደኛ ወጣን። በሦስተኛው ሳምንት ሚንቱ ዕንባዋ መጣ። «እንደ እናንተ ዓይነት ቡድን ገጥሞኝ አያውቅም!» አለች። የሷ ነገር! ድሮ «እንደምን አደራችሁ» ይል የነበረው አራተኛው ባልደረባችን ኢልካ እሱንም ተወው። የእኔና የራይሞ ኩርፊያ ማዕረግ አገኘ። ውጤታችን ሦስት ነጥብ ዘጠኝ ደረሰ።

በሚያዝያ ራይሞ የአንድ መዋዕለ ሕፃናት ንድፍ ይዞ ቀረበ። ከጥሞና ገና መነሣታችን ነው። ወረቀቱን አየሁት፤ የልጆቹ ሽንት ቤት አራቱም ግድግዳ ድፍን ነው፣ በር የለውም። ልናገር አልኩ። ወዲያው ደግሞ፣ እሱ የኔን ነግሮኛል? አልኩ። ደግሞም ሰውን በአለቃ ፊት ማሳፈር መተባበር ነው? ሐሳቡን ልብ አልኩት። አልፈረድኩበትም። አለፈ።

«የሚናገር አለ?» አለ ቫልቴሪ። ጸደቀ።

የመጨረሻው ቀን ደረሰና የዋናው መሥሪያ ቤት ዳይሬክተር ራሷ ውጤት ልትሰጠን መጣች። ክብ ሠርተን ተቀመጥን፣ ዓይናችንን ጨፈንን። ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ግቢው ውስጥ የጭነት መኪና ሞተሩን አስነሣ። የመዋዕለ ሕፃናቱን ግድግዳዎች ጭኖ መሄዱ ነው። አንድ ዓይኔን ገለጥ አደረግሁ። የራይሞ ዓይን ተገልጧል። የቫልቴሪም። የኢልካም። አራታችንም በመስኮቱ መኪናውን እያየን ነው።

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። «ራይሞ! ሽንት ቤቱ በር የለውም!»

«አውቃለሁ» አለ። «በማግስቱ አየሁት።»

«ታዲያ አፍህን ምን ያዘው? ልጆቹ በጣሪያ ይግቡ?»

«ጸድቋላ!»

«እኔ ደግሞ ማንም ሳይናገር ሲቀር ሆን ተብሎ የተደረገ መሰለኝ» አለ ቫልቴሪ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ።

«የደረጃውን ጊዜ ነግረኸኝ ቢሆን እኔም እነግርህ ነበር!» አልኩት ራይሞን።

«ለደረጃው አንድ ቀን አመስግነሽኛል?»

«ደብቀህ የሠራኸውን እንዴት ብዬ ላመስግን፣ አንተ ደረቅ!»

ሚንቱ ዓይኗን ሳትገልጥ «የመጣውን ሐሳብ ልብ በሉት…» አለች።

«ልብ ብለነዋል!» ብሎ ጮኸባት ራይሞ። «ችግሩ እሱ ነው እኮ!»

በካልሲያችን ሮጠን መኪናውን የግቢው መውጫ ላይ አስቆምነው። ኢልካ ግድግዳውን አስወረደ፣ ቫልቴሪ መጋዝ ይዞ መጣ፣ እኔ ለካሁ፣ ራይሞ ቆረጠ። የአራት ዓመቱን ሁሉ እየተሰዳደብን ከምሳ በፊት በሩን አወጣንለት። ከዚያ በፊት በሥራ ቦታ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሪፖርቱ በሳምንቱ መጣ፤ «ቡድኑ በሰባተኛው ደቂቃ ፈርሷል። ጩኸት፣ ፍረጃ፣ አዳራሽ ጥሎ መውጣት።» ውጤት አንድ ነጥብ ስምንት። ስለ በሩ አንድም ቃል የለም። በመስከረም ክፍሉ ተዘጋ።

አሁን ታምፔሬ ነኝ። ራይሞ ጡረታ ወጥቶ እዚያው ራውማ ቀረ። አዲሶቹ ባልደረቦቼ ሲበዛ ተባባሪዎች ናቸው፤ ማንም ምንም አይለኝም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ይጠራል።

«እህ፣ ዛሬ ምኑን አበላሸሽው?» ይላል ራይሞ።

አንድ በአንድ እነግረዋለሁ፤ እሱም አንዱንም አያልፍልኝም። ከጎኔ ሳለ በሃያ ሁለት ዓመት ከነገረኝ ይልቅ መቶ አርባ ኪሎ ሜትር ርቆ የነገረኝ ይበልጣል። ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል ግን አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ ሌላ ሰው ነው የተቀመጠው።