የሙራድ መላጫ

እህቴ፣ ሆሳዕና ከተማ ብትመጪ ሙራድን ቶርኖ ቤቱ ታገኚዋለሽ። በቶርኖ ማሽኑ ናስ እየቀረጸ መላጫ፣ ማለት የምላጭ መያዣ ይሠራል። መብራት እየጠፋ ሥራው ሲጓተት፣ ጎረቤቱ ባለሱቅ ያሲን የሱን የሚመስል ርካሽ መላጫ አምጥቶ ደረደረ። ደንበኛው ፀጉር አስተካካይ ሁሉ ወደዚያ ሄደ። ሙራድ ተስፋ ቆርጦ ማሽኑን ሊሸጥ ተነሳ።

አንድ ጠዋት ያሲን ራሱ መጣ።

«ወንድሜ ሙራድ፣ ያንተን መላጫ ስጠኝ። ነገ ልጄ ከተወለደ ሰባተኛ ቀኑ ነው፣ ፀጉሩ ይላጫል።»

«የምትሸጠውስ?»

«እሱንማ ወላሂ ወደ ልጄ ጭንቅላት አላስጠጋውም!»

ከያሲን ሱቅ ሊገዙ መጥተው በር ላይ የቆሙት ፀጉር አስተካካዮች ሰሙት።

«ታዲያ ለእኛ ጭንቅላት ነው የምትሸጠው?» ብለው ሳቁበት።

አልሐምዱሊላህ! እዚያው ሁሉም ሙራድን መላጫ አዘዙት። እሱም ደስ እያለው ማሽኑን አስነሳ።

አንቺም ስታዝዢው፣ መብራት አሁንም ይጠፋበታልና እባክሽ አታጣድፊው።