ዳማው ሳይታመም

ወሰኔ ዳማ ፈረሱን እየሳበ፣ ሚስቱ ጠጄ ከኋላ እየተከተለች ሞላሌ የእንስሳት ክሊኒክ ደረሱ። ዘበኛው ፈረሱን ከጆሮው እስከ ኮቴው አየና፣ «ጋሽ ወሰኔ፣ ይሄ እኮ ከእርስዎ ይልቅ ጤነኛ ነው» አለ።

ወሰኔ አልሳቀም። ፈረሱ የልጃቸው የስንታየሁ ነበር። ስንታየሁ ወታደር ሆኖ ሄዶ በሰኔ መርዶው መጣ፤ አስከሬኑ አልመጣም። በለቅሶው ዕለት ዳማውን ኮርቻ ጭነው በአልቃሹ መካከል ሲያዞሩት ጠጄ አንገቱን አቅፋ ጮኸች። ወሰኔ ልጓሙን ይዞ ቆመ። ከዚያ ወዲህም እንደቆመ ነው።

«ምኑን አመመው?» አለች ሐኪሟ ትርሲት።

«ምንም። ባመመው ቀን ሰው ፍለጋ ከምሮጥ፣ ደህና ሳለ እወቂው ብዬ ነው፣ ልጄ።»

በክረምቱ የጎረቤቱን የባስልዮስን ባዝራ ሆዷን ሲቆርጣት፣ ሰው ተሰብስቦ በአፍንጫዋ ዘይት አንቆረቆረላት። ታፍና ሞተች።

ትርሲት የዳማውን ልብ አዳመጠች፤ ድዱን ገልጣ አየች። «በአፍንጫው ምንም እንዳያጠጡት። ስልክ ቁጥሬን ይያዙ። ሞተሬ እስከ ገብርኤል ደጅ ይደርሳል፤ ከዚያ የሚወስደኝ ሰው ይላኩ።» ትንሽ አመነታች። «አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ ይንገሩኝ፣ አባባ። ገደል ገብቶ ቢሰበርና የማይድን ቢሆን፣ በመርፌ ላሳርፈው?»

በእነሱ አገር ፈረስ በሰው እጅ አይሞትም። የተሰበረ ፈረስ ሜዳ ይወጣል፤ የቀረውን ጅብ ይጨርሰዋል፤ ጠዋት ማንም ወደዚያ አያይም።

«እኛን ምን ትጠይቂናለሽ? ፈረሱ የልጁ ነው» አለች ጠጄ፤ ስንታየሁ ገበያ የወረደ ይመስል።

ወሰኔ የዳማውን ጋማ ያዘ። ልጁ የት ሜዳ እንደቀረ የነገረው ሰው የለም።

«አሳርፊው» አለ። «ሜዳ አይደር። እኔ እቀብረዋለሁ።»

«ፈረስ ደግሞ ይቀበራል እንዴ!» አለ ዘበኛው፤ የወሰኔን ፊት ሲያይ ግን ወደ በሩ ተመለሰ።

ዳማውን እየሳቡ እስከ ዳገቱ ራስ ወጡ።

«የት ትቆፍርለታለህ?» አለች ጠጄ።

«ከገብሱ ማሳ በላይ።»

«እዚያ ከደጅ አይታይም። የሚታይበት አድርገው።»

«እሺ» አለና ከደጃቸው ፊት ለፊት ድንጋይ የማይበዛበት አፈር የት እንደሆነ ማሰብ ጀመረ። ዳማው በመካከላቸው የመንገዱን ዳር ሣር እየነጨ ይራመድ ነበር።